በብረት የተፋቅኩበት ሳምንት

ባሌ ሙክታር ፀጉር መጎንጎን ይችል እንደነበር ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጅቡቲ ወደብ ላይ ዕቃ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነበር፤ ድምፁ ወፍራም፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሹፌሮች ሲያዩት ሲጋራቸውን የሚጥሉለት ሰው። እንዲህ ያለው ሰው ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ማበጠሪያውን በጥርሱ ይዞ፣ ፀጉሬን ለሁለት ከፍሎ ይጎነጉንልኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል? እኛም ለማንም አልተናገርንም። ሻሼን ካሰርኩ በኋላ ማን ያየዋል?

ምክንያቱ ክንዴ ነው። ሙክታር ከመሞቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በረመዳን ሳምቡሳ ስጠብስ፣ ሽቲ የምንለው ያ ሰፊ ስስ ቀሚሴ በእጅጌው የምድጃውን እሳት ነካ። እሳቱ ከክርኔ ተነስቶ ብብቴ እስኪደርስ የፈጀው ጊዜ «ቢስሚላህ» ብሎ ለመጨረስ አይበቃም። ቁስሉ ዳነ። ጠባሳው ግን ከዓመት ዓመት እየተኮማተረ ቀኝ ክንዴን ከጎኔ ጋር ሰፋው። እጄ እስከ ትከሻዬ ይወጣና፣ ገመዱ እንዳለቀበት ፍየል፣ እዚያው ይቆማል። መጻፍ እችላለሁ፣ ማብሰል እችላለሁ። ራሴ ላይ መድረስ ግን አልችልም።

ይህ የማወራችሁ ነገር ሲሆን ሙክታር ከሞተ አሥራ አንድ ወር አልፎት ነበር። ልጅ አልወለድንም። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን በኖርንበት ቤት ብቻዬን ነበርኩ። እሱ ከሄደ ወዲህ ፀጉሬ ባለቤት አጣ። በግራ እጄ ሞከርኩ፤ መጎንጎን ግን የሁለት እጅ ሥራ ነው። ማበጠሪያውን ማማሰያ ጫፍ ላይ በላስቲክ አስሬ በቀኝ እጄ ሞከርኩ፤ መስታወት ውስጥ የገዛ ራሷን እንደ ወጥ የምታማስል ሴት አየሁና ተውኩት። ፀጉር ቤት መሄድ እችል ነበር። አልፈለግኩም። ያንን ቦታ ሌላ እጅ እንዲነካው አልፈለግኩም ብል ይሻላል። እንዲህ እንዲህ ሲል ፀጉሬ ተያይዞ፣ ከማጅራቴ በላይ የአሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ የመሰለ ነገር ሆነ። ሻሼ ሥር ተሸክሜው እዞራለሁ።

ታዲያ አንድ ሐሙስ የሙክታር ታላቅ እህት ሐጃ ዘሃራ ከድሬዳዋ ደወለች።

«የዛሬ ሳምንት በባቡር እመጣለሁ» አለችኝ። «የዓመቱን ዱዓ አብረን እናደርጋለን። ራስሽንም በደንብ ቀብቼ አበጥርሻለሁ። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ፀጉሯን ትረሳለች።»

ሐጃ የሰው ሻሽ ለመፍታት ፈቃድ የምትጠይቅ ሴት አይደለችም። የወንድሟ ሚስት ራሷን እንዲህ እንደጣለች ብታይ ጓዜን ጠቅልላ ድሬዳዋ ትወስደኛለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ የባሰው ግን «እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚያበጥርሽ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ያንን ምስጢር ከሙክታር ጋር ልቀብረው ፈልጌ ነበር። በማግስቱ ዓርብ መቀስ አነሳሁ።

መቀሱን በግራ እጄ እንደያዝኩ ዓለም ገባች። ዓለም የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው ሰፈር አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ተቀጥራ እዚያው ትኖራለች። ዓርብ ዕረፍቷ ስለሆነ ማንበብ ላስተምራት ትመጣለች።

«እትዬ ዘይነባ፣ መቀሱ ለምንድነው?»

«ጨርቅ ልቆርጥ።»

«ጨርቁስ የታል?»

ልጅቷ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው እንጂ ሞኝ አይደለችም። ግማሹን እውነት ሰጠኋት። «ክንዴ ነው። አልነሳ ብሎኛል።»

«ታዲያ ለምን የኔ ማዳም አትፍቅዎትም?»

«ምን አልሽ?»

«ማዳም ሰው ትፍቃለች። በብረት። ሰዉ እያነከሰ ይገባል፣ ትፍቀዋለች፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ብረቶቹን የማጥበው እኔ ነኝ።»

«ሰው ድስት ነው እንዴ የሚፋቀው?»

«እኔም መጀመሪያ እንደሱ መስሎኝ የዕቃ ማጠቢያውን ሽቦ ይዤላት ገብቼ ነበር።»

«ያማል?»

«ወንዶቹ ይጮኻሉ፣ ሴቶቹ ይስቃሉ። የእርስዎን ደግሞ እናያለን።»

«አንቺ በይኝ ብዬሽ አልነበረም? የድሬ ሰው አንቱ ሲሉት የሞተ ይመስለዋል።»

«እሺ እትዬ፣ አንቺ ይበሉኝ ካሉ አንቺ እልዎታለሁ።»

እሑድ ጠዋት በታክሲ ሄድኩ። ማዳም ክሌር ረጅም፣ ቀጭን፣ በነጠላ ጫማ የምትሄድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ፈረንሳይኛ ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ ስለተማርኩ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ጠባሳዬን በጣቷ ጫን፣ ገፋ እያደረገች ብዙ ካየች በኋላ ወረቀት አወጣች።

«ስኳር አለብሽ?»

«የለብኝም።»

«ደም ግፊት? ያልዳነ ቁስል?»

«የለም።»

«የምትወስጂው መድኃኒት?»

«የለም» አልኩ፣ እንዲያውም ኮራ ብዬ። ይህ ሁሉ ታሪክ የመጣው በዚያች በመጨረሻዋ «የለም» ነው።

ግድግዳው አጠገብ አቁማ ክንድሽን አንሺ አለችኝ። ጣቴ የደረሰበት ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፈች። ከትከሻዬ እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ ከቆዳ ቦርሳ አምስት የሚያብረቀርቁ ብረቶች አወጣች። አንዱ የአዲስ ጨረቃ ቅርጽ አለው፣ አንዱ ጫማ ማጥለቂያ ይመስላል፣ ትንሹ ምላስ ያህላል። ጠርዛቸውን በጣቴ ዳሰስኩት፤ እንደ ቢላ አይቆርጥም፣ እንደ ማንኪያ ጠርዝ ደነዝ ነው።

«ጤነኛ ቆዳ ሥጋ ላይ ይንሸራተታል» አለችኝ፣ ክንዴን በሞቀ ፎጣ ጠቅልላ። «አንሶላ ፍራሽ ላይ እንደሚንሸራተት። ያንቺ አንሶላ ከፍራሹ ጋር ተሰፍቷል። ስፌቱን አልበጥሰውም፤ ቀስ እያልኩ አላላዋለሁ።»

ቅባት ቀባችኝና ጨረቃውን ብረት ጋደም አድርጋ ከክርኔ ወደ ብብቴ ሳበችው። ድምፅ ሰማሁ፤ ግርር የሚል፣ አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ሳጥን። «ይሰማሻል? እዚህ ጋ ነው የተያዘው» አለች። እጄን ይዛ ብረቱን አስነካችኝ። እውነትም ብረቱ እየተንቀጠቀጠ ለጣቴ ይነግረዋል፤ ጠጠር መንገድ ላይ እንደሚሄድ መኪና መሪ። ስምንት ዓመት የተሸከምኩትን ጠባሳ ያን ቀን ገና ተዋወቅኩት።

ያማል ወይ ለሚል፣ ያማል። ቢሆንም የሚያስጮኽ ዓይነት አይደለም፤ የሚያሳክክና የሚያቃጥል አንድ ላይ ሆኖ ነው። እኔ ጮኽኩም ሳቅኩም። በሩ ሥር የቆመችው ዓለም፣ «እትዬ አንድ ይምረጡ እንጂ!» ትላለች። ክንዴ ሲያልቅ ወደ አንገቴ ዞረች፤ ክንዴ የማይችለውን አንገቴ ሲሸከምለት ስለኖረ እንደ ድንጋይ ደርቋል አለችኝ። በመጨረሻ ግድግዳው ጋ መለሰችኝ። ጣቴ ከፕላስተሩ አራት ጣት ያህል ከፍ አለ። አራት ጣት! ማዳም ክሌር አዲስ ፕላስተር ለጠፈችና፣ «ሁለት ሦስት ቀን ትንሽ ይቀላል፣ አትደንግጪ። ማክሰኞ ተመለሺ» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት መስታወት ፊት ቆምኩና ደነገጥኩ።

«ትንሽ ይቀላል» ያለችው ክንዴ ከብብቴ እስከ ክርኔ የበሰለ በለስ መስሏል። ክንድስ ይሁን፤ እጅጌ አለ። አንገቴ ላይ ግን፣ ከጆሮዬ ሥር ጀምሮ፣ ሦስት ወይን ጠጅ ምልክቶች ተደርድረዋል። አዲስ ሙሽራ ከአማቷ የምትደብቀው ዓይነት ምልክት ነው። እኔ ደግሞ የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፤ ባሌ የሞተብኝ፤ የዓመቱ ዱዓ የቀረበ። ሐጃ ሐሙስ ነው የምትመጣው፣ እስከዚያ ይጠፋል ብዬ ራሴን ሳጽናና ስልኩ ጮኸ።

«ዘይነባ፣ ናጋድ ደርሻለሁ» አለች ሐጃ። «ትኬቱን ለዛሬ አገኘሁት። ልብስ ብቻ ቀይሪና ነይ።»

ሁለት ሻሽ ደርቤ፣ አንዱን እስከ አገጬ ጠምጥሜ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጣል። ሐጃ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«በርዶሻል?»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

«ጅቡቲ ውስጥ?»

እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ድረስ አመለጥኳት። ቤታችን ቧንቧው ውኃ ስላቆመ፣ የሶላቱን ትጥበት፣ ውዱእ፣ ሳደርግ ሐጃ በማንቆርቆሪያ ታፈስልኝ ጀመር። ውዱእ ሲደረግ እጅጌ እስከ ክርን ይሰበሰባል፤ ራስና ጆሮ ይታበሳል። ማምለጫ የለውም። ክርኔን አየች፣ ማፍሰሷን ቀጠለች። በሻሼ ሥር እጄን ሰድጄ ራሴን ሳብስ የአንገቴ ጥምጥም ወደቀ። ውኃው መፍሰሱን አቆመ።

«ዘይነባ።»

«እመት።»

«ዓመት እንኳ አልሞላውም።»

«ምኑ?»

«አንገትሽን እያየሁት ነው።»

«በብረት ተፍቄ ነው።»

ሐጃ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። «ብረቱ ስም አለው?»

«ሐጃ!»

«የማን ልጅ ነው ብዬ ነው። አልቆጣሽም። ሰው ነሽ። ግን ዱዓው እስኪያልፍ እንኳ...»

«ሴት ሐኪም ናት! ፈረንሳዊት! ክንዴን አሞኝ ነው የሄድኩት!»

«ክንድሽን ሲያምሽ አንገትሽን ፋቀችሽ።»

ከአፏ ሲወጣ እውነትም ውሸት ይመስላል። ክንዴ ምን አድርጎኝ ድንገት ከዘመናት በኋላ ሐኪም ፍለጋ እንደሄድኩ ብትጠይቀኝ ደግሞ ፀጉሬ ጋ ልትደርስ ነው። ጥምጥሜን አንስቼ እስከ አገጬ መልሼ ጠመጠምኩ። ይህ ነገሩን አባሰው።

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች። «ያን ብረት በዓይኔ እስካየው እዚህ ቤት እህል አልቀምስም።» ሩዝ እህል መሆኑን ሳታውቅ ነው መሰለኝ፣ ራቱን ሁለት ሳህን በላች። ራሴን መቀባቱን ግን አላነሳችውም። ተጣልታኛለችና።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለታችን ማዳም ክሌር ክፍል ገባን። ሐጃ ፈረንሳይኛ ስለማትችል ዓለም አጠገቧ ቆመች። ማዳም ክሌር እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ይህ መሆን አልነበረበትም። የነካሁሽ በስሱ ነው። መድኃኒት አልወስድም ብለሽኛል።»

«አልወስድም።»

«ደም የሚያቀጥን ነገር? አስፕሪን?»

ለካ ጠዋት ጠዋት የምውጣት ትንሽ ነጭ ክኒን መድኃኒት ናት። የምሬን ነው፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንደ መድኃኒት አስቤያት አላውቅም። «እሷንማ በየቀኑ እወስዳታለሁ» አልኩ።

«ማን አዘዘልሽ?»

«የታዘዘችው ለባሌ ነው። ለልቡ።»

«ታዲያ አንቺ የሱን ከወሰድሽ እሱ ምን ይወስዳል?»

«እሱ ሞቷል።»

ማዳም ክሌር ወረቀቷን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ከኋላዬ ዓለም በሹክሹክታ ስትተረጉም ይሰማኛል። ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ሙክታር ክኒኑን ራሱ ከፍቶ ወስዶ አያውቅም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፀጉሬን ጎንጉኖ ሲጨርስ፣ እኔ ሻዩን ቀድቼ ክኒኗን ከማሸጊያዋ ጨቁኜ የሲኒው ማስቀመጫ ላይ አኖርለታለሁ። ለቀስተኛው ተበትኖ ብቻዬን በቀረሁበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ እጄ እንደለመደው ሻይ ቀዳ፣ ክኒኗን ጨቁኖ አወጣ። ወጥታ ሳህኑ ላይ ቁጭ ስትል ነው የነቃሁት። መልሼ አላሽጋት፣ ቆሻሻ ላይ አልጥላት፤ ዋጥኳት። በማግስቱም ዋጥኳት። ፓኮው ሲያልቅ ፋርማሲ ሄጄ ሌላ ገዛሁ። ፋርማሲስቱ ዓሊ፣ ድሬዳዋ ያደገ የመናዊ ነው፣ «ሙክታር እንዴት ነው?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ይጠይቀኛል፣ በየወሩ ደህና ነው።

ማዳም ክሌር ብረቶቿን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳቸው መለሰች።

«ሐኪም ያዘዘልሽ ቢሆን ኖሮ እንዳታቋርጪ እነግርሽ ነበር» አለችኝ። «ይህ ግን ያንቺ አይደለም። እየወሰድሽው ብረት አላሳርፍብሽም። ካቆምሽ ከአሥር ቀን በኋላ እንቀጥላለን። ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም።»

ቦርሳዬን አንስቼ ተነሳሁ። «እንግዲያው ይቅር» አልኩ። ማሰብም አላስፈለገኝም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እጄ የሚሠራው ሥራ ያ ብቻ ነው የቀረው።

ሐጃ በሩን ዘግታ ቆመች። «ዓለም፣ ምን ተባባሉ?»

«ወይ ክኒኑን ወይ ብረቱን ይምረጡ አለቻቸው።»

«እሷስ?»

«ክኒኑን መረጡ።»

ሐጃ ክንዴን ይዛ፣ የማያመኝን፣ መልሳ አስቀመጠችኝ። «ስሚ» አለችኝ። «ለሞተ ሰው ዱዓ ይደረጋል። ሶደቃ ይሰጣል። ክኒን ግን አይዋጥለትም። አንቺ ስለዋጥሽ የሱ ልብ አይመታም።» ድምፅዋ ላላ። «ደግሞ አንድ ነገር ንገሪኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልፈለግሽውን ክንድ ዛሬ ለምን ፈለግሽው?»

ሌላ ውሸት አልቀረኝም። ሻሼን ፈታሁት።

«ውይ በሞትኩት!» አለች ዓለም።

ሐጃ ያን የተያያዘ ምንጣፍ በሁለት ጣቷ ነካ አደረገችው። «እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚያበጥርሽ?»

«ወንድምሽ።»

«የቱ ወንድሜ?»

«ስንት ወንድም አለሽ?»

«ሙክታር?» ብላ ጮኸች። «ሙክታር! እስከ አራተኛ ክፍል የጫማውን ማሰሪያ እኔ ያሰርኩለት ሙክታር! ቋጠሮ ያስለቅሰው የነበረው!» ሳቋ መጣ። ማከሚያው አልጋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጉልበቷን እየመታች፣ «ጎነጎነ? እኔን ወንድሜን! ጎነጎነ?» እያለች ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ዓለምም። ሐጃ ሳቋ ወደ ልቅሶ ሲዞር የትኛው የቱ እንደሆነ አልታወቀም። ነገሩ ያልገባት ማዳም ክሌር ለሁላችንም ውኃ ቀዳች።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ቀዳሁ። ክኒኖቹን በእጄ ያዝኩ። አውራ ጣቴ አንዷ ላይ አረፈ። ሐጃ ከመስኮቱ ሥር ማበጠሪያና ቅባት ዘርግታ አየችኝ። ሻዬን ክኒኗ ሳትኖር ጠጣሁት፤ የበረደ፣ ሽንት የመሰለ ሻይ። ከዚያ ያልተከፈተውን ፓኮ ይዤ ዓሊ ፋርማሲ ሄድኩ።

«ይህን ልመልስ ነው» አልኩት።

«ምነው? ሙክታር እንዴት ነው?»

ትናንት ቃሉን በፈረንሳይኛ ብዬዋለሁ። በፈረንሳይኛ ቀላል ነው፤ የሰው ቋንቋ የሰውን ሞት ያወራል። በአማርኛ ግን አሥራ አንድ ወር ሙሉ «ከሄደ»፣ «ካለፈ» እያልኩ ዞሬዋለሁ። መደርደሪያውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ሙክታር ሞቷል» አልኩት።

ዓሊ መነጽሩን አወለቀ። «አውቃለሁ እህቴ» አለኝ። «ቀብሩ ላይ ነበርኩ።»

እኛ ሴቶች መቃብር ስለማንወጣ፣ ማን አፈር እንዳለበሰው አላውቅም ነበር። «ታዲያ በየወሩ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«የመጀመሪያው ቀን አፌ ነው ያመለጠኝ፤ ልማድ ነው። ምላሴን ነክሼ ሳልጨርስ ደህና ነው አልሽኝ። ምን ልበልሽ? ልከራከርሽ? በሚቀጥለው ወር ዝም ብል ደግሞ እንዳወቅኩብሽ ትረጃለሽ ብዬ ፈራሁ። እንዲህ እንዲህ ስንል...» እጁን ዘረጋ።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሁለት ጤነኛ ሰዎች መደርደሪያ ግራና ቀኝ ቆመን የሞተን ሰው ደህንነት ስንጠያየቅ ኖርን። ፓኮውን ተቀበለኝና፣ «መድኃኒት አይመለስም፤ ይህ ግን መድኃኒት አይደለም» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። መንገድ ላይ ስወጣ ነው ያለቀስኩት። በቀን፣ በካርቲዬ ሁለት መካከል፣ ሰው እያየኝ። ደህና አድርጌ አለቀስኩ።

ሐጃ ያን ምንጣፍ ፈትታ የጨረሰችው በሁለት ቀን ነው። አንዲት ቁራጭ አልቆረጠችም። ዱዓው አለፈ፤ ሐጃ ብቻዋን ወደ ድሬ ተመለሰች። ከአሥር ቀን በኋላ የበለዘው ሁሉ ጠፍቶ ማዳም ክሌር ጋ ገባሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ትፍቀኛለች፤ ቤት ደግሞ ጣቶቼን ግድግዳ ላይ እንደ እንሽላሊት እያስወጣሁ ክንዴን እለማመዳለሁ። ብረቱ ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ያላላውን እኔ ካልዘረጋሁት ተመልሶ ይጣበቃል። አንዳንድ ቀን ምንም ለውጥ የለም። አንዳንድ ቀን ግድግዳው ላይ ያለው ፕላስተር አንድ ጣት ይወጣል።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔ ምክር የመስጠት ብልሃት የለኝም። በዚያ ሳምንት ስለ ራሴ ያወቅኩትን ብቻ ልንገራችሁ። ሰው ሲሞትብን የሱን ሥራ ማንም እንዳይነካው እንጠብቃለን፤ ታማኝነት ይመስለናል። እኔ ክንዴ እንዳይድን፣ ፀጉሬ እንዳይፈታ፣ ክኒኗ እንዳትቀር የጠበቅኩት ሙክታር ተመልሶ ቢመጣ ሥራውን እንዳያጣ ይመስል ነበር። እሱ ደግሞ የሚያውቀኝ ሰው ነው፤ ቢያየኝ የሚስቅብኝ ይመስለኛል። ሐዘኔ አልቀነሰም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ አንዳንድ መስመር ላይ ብዙ ቀን ቆሜያለሁ። ሐዘንና ክኒን ግን አንድ እንዳልሆኑ አውቄያለሁ። የናንተን ክኒን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

በሰባተኛው ሳምንት፣ አንድ እሑድ፣ ማዳም ክሌር ከግድግዳው አላቀቀችኝና «እስቲ አሁን ራስሽን ንኪ» አለችኝ። እጄ ትከሻዬ ጋ ደረሰ፣ አለፈ። ጆሮዬን ነካ። ብብቴ ተሳበ፣ አቃጠለኝ፣ ቀጠልኩ። መካከለኛ ጣቴ አናቴ ላይ አረፈ። ዓለም በሩ ሥር ትንፋሿን ይዛለች።

«ምን ተሰማሽ?» አለች ማዳም ክሌር፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ሁለቱም ትልቅ ነገር እንድናገር እየጠበቁ ነው። እኔም ትልቅ ነገር ፈለግኩ። አልመጣልኝም።

«በላኝ» አልኳት።

ግራ እጄ ይህን ሁሉ ዘመን እንዳያክልኝ የከለከለው አልነበረም፤ ግን የቀኝ እጅ ነገር ሌላ ነው። ሻሼን ገፋ አድርጌ አናቴን፣ ከዚያ ኋላዬን፣ ከዚያ እዚያ ማንም የማይደርስባትን የማጅራቴን ጉድጓድ አከክኩ። እስኪበቃኝ አከክኩ።